የድሮ ኮምፒውተር ጥያቄዎቻችሁ፦ ቢጫ ኬዝ፣ እምቢ ያለ ኪቦርድ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ድሮ የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው። ኮሞዶር፣ ስፔክትረም፣ አሚጋ። የሚገርመው ስለ ቺፕ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚያማርረው በእጅ የሚነካውን ነው፤ ኬዙንና ኪቦርዱን። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሚጋ 500 አለኝ። ለረጅም ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። አሁን ሳወጣው ኬዙ ቢጫ ሆኗል። የባሰው ግን ስፔስ ባሩ ነው፤ አጠገቡ ካሉት ቁልፎች ጋር ጭራሽ አይመሳሰልም። ፀሐይ አልነካውም፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ፕላስቲኩ ሊሰባበር ነው ማለት ነው? — *ከካርቶን አውጪው*

መልስ፦ አይደንግጡ። የእርስዎ ስፔስ ባር ብቻ አይደለም። የብዙ አሚጋ 500ዎች ስፔስ ባር ከሌሎቹ ቁልፎች ቀድሞ ይወይባል።

የእነዚህ ኮምፒውተሮች ኬዝ በአብዛኛው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ኤቢኤስ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ አክሪሎናይትራይል፣ ቡታዳይንና ስታይሪን። ቡታዳይን ጎማ መሳዩ ክፍል ነው። ኬዙ ሲወድቅ ወዲያው እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ችግሩ ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ የሚጣላውም እሱ መሆኑ ነው። ብርሃን በተለይም አልትራቫዮሌት ጨረር ነገሩን ያፋጥነዋል። ሙቀትም እንደዚሁ። ካርቶን ግን ብርሃን እንጂ አየርና ሙቀት አይከለክልም። ስለዚህ ፀሐይ ያላየ ኬዝም ቀስ እያለ ይወይባል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በብሮሚን ላይ ይጭናል። ብሮሚን ያለባቸው ውህዶች ፕላስቲኩ እሳት ቶሎ እንዳይይዘው የሚጨመሩ ናቸው፤ ድርሻ የላቸውም አልልም። ነገር ግን የልጆች መጫወቻ የሆኑት የሌጎ ቁርጥራጮችም ኤቢኤስ ናቸው፣ ነጩና ሰማያዊው ሲያረጅ ይወይባል። ለእነሱ እሳት መከላከያ ምን ያደርግላቸዋል? እኔ ዋናው ተጠያቂ ቡታዳይን ነው ከሚሉት ወገን ነኝ።

የስፔስ ባሩ ነገር የሚገባን ከዚህ ተነስተን ነው። ስፔስ ባርና ተራ ቁልፍ በአንድ ሻጋታ አይወጡም። ፕላስቲኩም ከአንድ ጆንያ ላይሆን ይችላል። የድብልቁ መጠንና የተጨመረበት ቀለም ትንሽ ከተለያየ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲታዩ አንድ የነበሩት ከዓመታት በኋላ ይለያያሉ። የኬዙ የላይኛው ክዳንና የታችኛውም እንዲሁ ሲለያዩ ያጋጥማል።

አንድ ነገር ያድርጉ። ከኬዙ ሥር የተለጠፈ ወረቀት ካለ ጠርዙን በጥንቃቄ ገልጠው ይመልከቱ። ሥሩ ነጭ ከሆነ ዋናው ሥራ የብርሃን ነው። ሥሩም ቢጫ ከሆነ ሙቀትና አየር ተባብረውበታል።

ይሰበራል ወይ ላሉኝ፦ ቢጫነት እንደ ሽበት ነው፤ ዕድሜን ይናገራል እንጂ አቅምን አይናገርም። ለውጡ በብዛት ያለው ከላይ ባለው ስስ ገጽ ላይ ነው። እንዲያውም በጣም ቢጫ ሆኖ ጠንካራ የሆነ ኬዝ አለ፣ ቀለሙ ደህና ሆኖ እንደ ብስኩት የሚፈረካከስም አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጡት አንዳንድ ማኪንቶሾች፣ ለምሳሌ ፓወር ማኪንቶሽ 8100፣ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሲከፍቷቸው የውስጥ መንጠቆዎቻቸው እጅ ላይ ይቀራሉ። እርስዎም የሚሰጉ ከሆነ ቀለሙን ትተው መንጠቆዎቹንና ብሎን የሚገባባቸውን ቱቦዎች ይመርምሩ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ኬዙን በብርድ አይክፈቱት፣ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ይበልጥ ተሰባሪ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? ሬትሮብራይት የሚሉትን ልሞክር ነው። ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማለት ነው አሉኝ። ኮሞዶር 64ዬ በጣም ወይቧል። ይሠራል? — *ነጭ ወዳዱ*

መልስ፦ ይሠራል፣ ወንድሜ። ግን አትቸኩል።

ዘዴው በ2008 አካባቢ ነው በአድናቂዎች ዘንድ የተስፋፋው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኝ ቢጫውን ቀለም ያጠፋዋል። የፀጉር ቤት ክሬም የሚቀቡ አሉ፣ ብዙ ጊዜ 12 በመቶ የሆነውን። ፈሳሽ ውስጥ የሚዘፈዝፉም አሉ። እኔ ክሬሙን አልወደውም። አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ኬዙ ላይ ነጭና ቢጫ ደመና ይቀራል። ያን ደመና ማስለቀቅ ከመጀመሪያው ቢጫ በላይ ያለፋል። ከሠራህ ዘፍዝፈው። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ አየር አረፋ ሥሩ አይታመቅ፣ በየጊዜው ይገልበጥ። ፈሳሹ ለብ ቢል ሥራው ይፈጥናል፣ ግን አታፍላው። ኤቢኤስ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ስስ ክዳን ደግሞ ከዚያ በፊትም ይጣመማል። ከ60 ዲግሪ አለማለፍ ይሻላል።

ኬዙን ባዶውን አድርገው። ብረት፣ ስፕሪንግ፣ የስም ሰሌዳ፣ የተለጠፈ ወረቀት፣ ሁሉም ይውጣ። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። 12 በመቶ ፐርኦክሳይድ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። በጠባብ ዝግ ጠርሙስ ውስጥም አታስቀምጠው፤ ጋዝ ያወጣል፣ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደማትወደው መልስ ልምጣ። ቢጫው ይመለሳል። አንዳንዱ ኬዝ ላይ ቶሎ፣ አንዳንዱ ላይ ዘግይቶ። ፐርኦክሳይድ የታየውን ቀለም ያጠፋል እንጂ የተጎዳውን ፕላስቲክ ወደነበረበት አይመልስም። አየርና ሙቀትም ሥራቸውን አያቆሙም። ደግሞ ኮሞዶር 64 ስትል የትኛውን ነው? በ1982 የወጣው ቡናማ ግራጫው ከሆነ መጀመሪያውኑም ነጭ አልነበረም! ይህንን ሳያውቁ ነጭ እስኪሆን የሚያሰጡ ሰዎች አይቻለሁ። ነጣ ያለው በ1986 የመጣው 64ሲ ነው። መጀመሪያ ኬዙን ክፈትና የውስጥ በኩሉን እይ። ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው ቀለም እዚያ ውስጥ አለ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ወጥ የሆነ ቢጫ ይቀመጥ። ዥንጉርጉር ከሆነ ወይም ዓይንህን የሚያሳክክህ ከሆነ ዘፍዝፈው። ከዚያ በፊት ግን በለብታ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበው። ቢጫ ከሚባለው ውስጥ ግማሹ የሲጋራ ጭስና የእጅ እድፍ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ የኮሞዶር 64 ኪቦርዴ አንዳንድ ፊደላት ጨርሶ አይጽፉም። አንዳንዶቹ ደግሞ በኃይል ስጫን ብቻ ይሠራሉ። ኪቦርድ መቀየር አለብኝ? ከዚህ በፊት ኮምፒውተር ከፍቼ አላውቅም። — *ጣቷ የደከመ*

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀይሪው። በኃይል ሲጫኑት የሚሠራ ቁልፍ አልሞተም፤ ቆሽሿል።

የኮሞዶር 64 ኪቦርድ 66 ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስፕሪንግና ጫፉ ላይ ካርቦን ያለበት ጎማ የለበሰ ትንሽ ግንድ አለ። ስትጫኚው ጎማው ከሥር ያለውን ሰርኪት ይነካል፣ ኮረንቲ ያልፋል፣ ፊደሉ ይጻፋል። በዓመታት ውስጥ የጎማው ጫፍ ቅባትና አቧራ ይይዛል። አልፎ አልፎም ራሱ ጎማው ይደርቃል። ሌላው ነገር፣ ስፕሪንጉም ቁልፉም፣ በጣም ጠንካራ ነው።

ከመክፈትሽ በፊት አንድ ምርመራ አድርጊ። የማይሠሩትን ቁልፎች ወረቀት ላይ ጻፊ። ኪቦርዱ በስምንት በስምንት መስመር የተደረደረ ነው። 64ቱ ቁልፎች እዚያ ውስጥ አሉ። የቀሩት ሁለቱ፣ ሪስቶር የራሱ መስመር አለው፣ ሺፍት ሎክ ደግሞ የግራው ሺፍት ተቀጥላ ነው። የጠፉት ቁልፎች እዚህም እዚያም የተበተኑና ሲጫኑ መጣ ሄድ የሚሉ ከሆነ ቆሻሻ ነው። ስምንት ቁልፎች አንድ ላይ ድርግም ብለው ከጠፉ ግን ጎማውን ብታጥቢው ዋጋ የለውም። ያኔ ወይ የኪቦርዱ ገመድ ነው፣ ወይ ሶኬቱ ነው፣ ወይ ኪቦርዱን የሚያነበው ሲአይኤ የሚባለው ቺፕ ነው።

ቆሻሻ ነው እንበል። ኮምፒውተሩን ከኮረንቲ ንቀዪ። ከሥር በፊት በኩል ሦስት ብሎኖች አሉ። እነሱን ፍቺና ክዳኑን ከፊት በኩል አንሺ። ወደ ኋላ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ከኋላ መንጠቆዎች አሉ፣ ስለዚህ ከኋላ በኩል ቆንጥጠሽ አትጎትቺ። ክዳኑን ይዘሽም አትሩጪ፣ የኪቦርዱና የመብራቷ ገመድ ከሥር ካለው ቦርድ ጋር ተያይዘዋል። እነሱን ንቀዪ፣ ከዚያ ኪቦርዱን ከክዳኑ ፍቺው።

ከኪቦርዱ ጀርባ ብዙ ትናንሽ ብሎኖች አሉ። ሁሉንም ብትፈቺም ሰርኪቱ አይወጣም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ይገነጥለዋል። የሺፍት ሎክ ሁለት ገመዶች በስታኞ ተይዘዋል። እነሱን የግድ ማቅለጥ ያስፈልጋል። ይህን ካልሞከርሽው የሚችል ሰው ይሥራልሽ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ሰርኪቱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጆሮ ጥጥ በእርጋታ ጥረጊ። ጥቁሩ የካርቦን ገጽ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሻካራ ነገር እንዳትፈትጊው፤ ካርቦኑ ከሄደ ሄደ ነው። የጎማዎቹን ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ አድርገሽ አሻሺ። ወረቀቱ ላይ የምታይው ጥቁር መስመር ብዙ ነገር ይነግርሻል። ብሎኖቹን ስትመልሺ ደግሞ አንድ ዘዴ፦ መጀመሪያ ብሎኑን ወደ ግራ አዙሪው። ጠቅ ብሎ ቀድሞ በነበረው ጥርስ ላይ ሲወድቅ ይሰማሻል፣ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቂ። ይህን ሳያደርጉ የሚያጠብቁ ሰዎች በየጊዜው አዲስ ጥርስ ይቆርጣሉ። ፕላስቲኩ ከዚያ በኋላ ምን ይያዝ?

ጥያቄ፦ የቁልፎቼ ፊት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ቅባቱን በምን ላስለቅቅ? — *የሚያብረቀርቅ*

መልስ፦ ቅባት አይደለም፤ ያለቀ ፕላስቲክ ነው። አዲስ ቁልፍ ጥቃቅን ሻካራ ገጽ አለው። ጣት እየደጋገመ ያለሰልሰዋል። ኤቢኤስ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ፒቢቲ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ደግሞ በጣም ይከርማል። የለሰለሰውን የሚመልስ ሳሙና የለም። ማጂክ ስፖንጅ የሚሉትን ነጭ ስፖንጅ ከነኩበት ጨርሶ ይብሳል፤ እሱ እንደ ስስ የብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሠራው። ፊደሎቹ መጥፋት አለመጥፋታቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ፊደሉ በቀለም የታተመ ከሆነ ይለቃል። በሁለት ቀለም ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ፣ እንደ ቢቢሲ ማይክሮ ቁልፎች፣ ቁልፉ ራሱ ካላለቀ ፊደሉ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ዜድኤክስ ስፔክትረም 48 አለኝ፤ ጎማ ቁልፍ ያለው። ከኪው እስከ ቲ ያሉት አምስት ቁልፎች አይሠሩም፣ የቀሩት ደህና ናቸው። ጎማውን ልቀይር? — *የጎማው ባለቤት*

መልስ፦ ጎማውን አይንኩት፤ እሱ ምንም አልሆነም። በሽታውን ግን ራስዎ ጽፈውልኛል።

በ1982 የወጣው ስፔክትረም 40 ቁልፎች አሉት። የሚያዩት ጎማ አንድ ወጥ ምንጣፍ ነው። ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያለው ሜምብሬን ነው፤ መስመር የታተመባቸው ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች። ከሜምብሬኑ ሁለት ጭራዎች ወጥተው ቦርዱ ላይ ይሰካሉ። አንዱ አምስት መስመር አለው፣ ሌላው ስምንት። ስምንቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው ጎን ለጎን የተቀመጡ አምስት ቁልፎችን ይይዛሉ። ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ አንድ ላይ ከጠፉ ከስምንቱ አንዱ መስመር ተሰንጥቋል ማለት ነው። ስምንት ቁልፎች ቢጠፉብዎ ኖሮ ደግሞ ባለ አምስቱን ጭራ እንጠረጥር ነበር።

ጭራው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ብዙ ጊዜም የሚሰነጠቀው ሶኬቱ አፍ ላይ ነው። ጫፉን ትንሽ ቆርጠው መልሰው የሚሰኩ አሉ። ይሠራል፣ ግን ጭራው እያጠረ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። አዳዲስ ሜምብሬኖች እስከ ዛሬ ይመረታሉ። እሱን ይግዙ። ከባዱ ሥራ ላዩ ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ ማላቀቅ ነው። በሙጫ የተያዘ ስስ አልሙኒየም ነው፤ ከአንድ ጥግ ብድግ ካደረጉት ይታጠፋል፣ የታጠፈ ሰሌዳ ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረጉ፣ ዙሪያውን በስስ ፕላስቲክ ቀስ እያሉ ያላቅቁት።

በ1984 የወጣው ስፔክትረም ፕላስ ጠንካራ ቁልፎች ስላሉት ከዚህ ነፃ ነው ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። አይደለም። ከሥሩ ያለው ያው ሜምብሬን ነው፣ እሱም ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ከድሮ ኪቦርዶች ሁሉ የማይበገረው የትኛው ነው? ጓደኛዬ የአይቢኤም ሞዴል ኤም ነው ብሎ ይምላል። — *ተወራራጁ*

መልስ፦ ጓደኛህ ሩቅ አልሄደም። በ1985 የመጣው ሞዴል ኤም ስትጫነው የሚታጠፍ ስፕሪንግ አለው፣ ቁልፎቹ ፒቢቲ ናቸው፣ ፊደላቸውም ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ የገባ ቀለም ነው። ክብደቱ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ሞዴል ኤም ውስጥ የብረቱን ሳህንና የፕላስቲኩን ክፍል አንድ ላይ የያዙ ትናንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች (ሪቬቶች) አሉ። በዕድሜ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። ኪቦርዱን ስትወዘውዘው ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ እነሱ ናቸው። ብዙ ከተቆረጡ ቁልፎቹ ስሜታቸው ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀሪዎቹን አስወግዶ በቦታቸው ትናንሽ ብሎን ማስገባት ነው፤ አሰልቺ ሥራ ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ሞዴል ኤፍ በአሠራር የበለጠ ነው ባይ ነኝ። እሱም ግን ውስጡ ስፖንጅ አለ፣ ስፖንጁም ዱቄት ይሆናል። የአፕል ሊሳና የኮምፓክ ፖርተብል ኪቦርዶች ደግሞ ከዚህ ይከፋሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስፖንጅ ላይ የተለጠፈ ስስ ፎይል አለ። ስፖንጁ ሲበሰብስ ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል ወይም ጭራሽ አይሰማም። ኪቦርዱ ከላይ ንጹሕ፣ ሁሉም ቁልፍ ግን ዝም። አዲስ የተሠሩ ምትክ ስፖንጆች ይገኛሉ። ካገኘህ አንድ ላይ ሁሉንም ቀይር፤ ዛሬ የሚሠራው ነገ ይበሰብሳልና።

እና ውርርዱ? ጓደኛህ ያሸንፍ።

ጥያቄ፦ የኬዜ የውስጥ መንጠቆ ተሰበረ። ሱፐር ግሉ ይይዘዋል? — *ሰባራው*

መልስ፦ ለጊዜው ይይዘዋል፣ ስትዘጋው ደግሞ ይለቅሃል። መንጠቆ ይታጠፋል፣ ሱፐር ግሉ መታጠፍ አይወድም። ኬዙ ኤቢኤስ ከሆነ አሴቶን ይሻላል። አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል፤ ሁለቱን ጫፎች ትንሽ ብትቀባና ብታጣብቅ አንድ ላይ ይበየዳሉ። የተሰበረ የኤቢኤስ ፍርፋሪ ካለህ አሴቶን ውስጥ አሟሙተህ እንደ ሊጥ ሞላበት። ከዚያ አትቸኩል፤ አንድ ቀን ይደር። አሴቶኑ የኬዙን ውጪ ከነካ ግን ገጹን ያበላሸዋል፣ አይመለስም። መስኮት ክፈት፣ እሳት አጠገብህ አይኑር።

ጥያቄ፦ አሚጋዬን አሽጌ ላስቀምጥ ነው። ማውሱንና ገመዱን ኬዙ ላይ ጠምጥሜ ብዘጋው ችግር አለው? — *አሻጊው*

መልስ፦ አለው! ገመዱን ለብቻው ያስቀምጡት። የገመዱ ልባስ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። እንዲለሰልስ የተጨመረበት ፈሳሽ ቀስ እያለ ወጥቶ ወደ ኬዙ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ሲያነሱት ኬዙ ላይ የገመዱ ቅርጽ ተቆፍሮ ያገኙታል፣ ገመዱም ተጣብቆ ይጠብቅዎታል። ያን ጉድጓድ ፐርኦክሳይድም ሳሙናም አያድነውም። አረፋ ያለባቸው ላስቲኮችና የጎማ ነገሮችም በቀጥታ አይንኩት። በወረቀት ወይም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሙቀት በሌለበት ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። ከላዩም ሌላ ዕቃ አይደርድሩበት።